በካናዳዊቷ ሎኮሞቲቭ ሆድ ውስጥ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ከበላን በኋላ ልጄ ሜሮን ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። የኦገስት ነፋስ የሰፈራችንን የሮዘተንቪልን አቧራ እያነሳ በመስኮቱ ላይ ይበትነዋል። ይህ ነፋስ ሲነሳ ከቤት አልወጣም፤ ዓይኔን ያመኛል። «እማዬ፣ ይሄን እዪማ» አለችኝ።

በስልኩ ላይ አንድ ግዙፍ ጥቁር ሎኮሞቲቭ ጭሱን እየተፋ በስንዴ ማሳ መሃል ይሄዳል። የአንድ የአሜሪካ የባቡር ኩባንያ ንብረት ነበር፤ ለብዙ ዓመታት በሙዚየም ግቢ ውስጥ ዝገት ሲበላው ኖሮ አሁን አድሰው እንደገና እንዲሄድ አድርገውታል። ሰዎች መንገድ ዳር ወንበር ዘርግተው፣ ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ይጠብቁታል። አንድ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያለቅሳሉ። ሜሮን ሳቀች። ሰው ለብረት ሲያለቅስ ከልቧ ገርሟታል።

እኔ ግን ዓይኔ የቀረው ነጂው የሚቆምበትን ክፍል ያሳዩ ጊዜ ነው። ከነጂው ፊት፣ ከሰል የሚጨመርባት አንዲት ትንሽ ሞላላ የብረት በር ነበረች። እንዲህ ባለች በር ገብቼ እንደማውቅ ነገርኳት። አላመነችኝም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ ለሷ የነገርኩትንና ያልነገርኩትን አሁን እጽፈዋለሁ።

ወደዚህ አገር፣ ወደ ጀርሚስተን ከተማ የመጣሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ጌታሁን ከሆሳዕና ቀድሞኝ መጥቶ፣ ከባቡር ጣቢያው በማይርቅ መንገድ ላይ ብርድ ልብስና የሥራ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። እኔ እሸጥለት ነበር። እንግሊዝኛዬ ሰባራ ነው፤ ዙሉኛ የማውቀው ሰላምታውንና «ትንሽ ቀንሺልኝ» የሚለውን ብቻ ነው።

ብርዱ በገባበት ሰሞን አንድ ሽማግሌ ወደ ሱቃችን መጡና በሱቁ ካሉት ሁሉ ትንሿን ቱታ ጠየቁኝ። ረጅም፣ ትከሻ ሰፊ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ለልጅ ልጃቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ልክ የምትሆነውን ሰው ገና እየፈለግን ነው» አሉኝ። ከዚያ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና ጠባብ ቦታ እፈራ እንደሆነ ጠየቁኝ።

እኚህ ሰው ባባ ድላሚኒ ይባላሉ፤ ባባ እዚህ አገር አባባ እንደማለት ነው። ከጣቢያው ጀርባ ባለ አሮጌ ሼድ ውስጥ ጥቂት ጡረተኞች ተሰብስበው ሳይከፈላቸው አንዲት የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ያድሱ ነበር። ሞንትሪያል ተሠርታ በመርከብ የመጣች ስለሆነች ካናዳዊቷ ይሏታል። ችግራቸው እሳት የሚነድበት የብረት ክፍል ነው። ውስጡን ለመጥረግና ለመመርመር በዚያች ሞላላ በር መግባት ግድ ነው፤ እነሱ ደግሞ አንዳንዱ ወፍሯል፣ የቀረው ጉልበቱ አልታጠፍ ብሏል። እኔ ያኔ ሸንበቆ ነበርኩ።

ጋሼ ጌታሁን ሴት ልጅ ባቡር ውስጥ ምን ትሠራለች ብሎ ከለከለኝ። በሚቀጥለው እሑድ ባባ ድላሚኒ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከባለቤታቸው ጋር፣ አንድ ትልቅ ሳህን ማግዊኛ ይዘው መጡ። ማግዊኛ እዚህ አገር በየመንገዱ የሚሸጥ፣ በዘይት የተጠበሰ ድቡልቡል ሊጥ ነው። ወንድሜ ሽማግሌዎቹን በር ላይ ሲያይ ለጋብቻ የመጡ መስሎት ፊቱ ተለዋወጠ። ነገሩ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት ማሽን ውስጥ መግባት ብቻ መሆኑን ሲሰማ ከእፎይታው ብዛት እሺ አለ።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። እጆቼን ወደ ፊት ዘርግቼ፣ አንዱን ትከሻዬን አስቀድሜ ተንሸራተትኩ። ውስጡ ከውጭ ሲታይ ከሚመስለው ይሰፋል፤ ጎንበስ ብሎ ያስኬዳል። የቆየ ከሰልና የእርጥብ ዝገት ሽታ አለው። ግድግዳው በመቶ በሚቆጠሩ የብሎን ራሶች የተሞላ ነው፤ እነዚያ ብሎኖች የእሳቱን ክፍል ከውጭው የውኃ ማፍያ፣ ከቦይለሩ ጋር አጣምረው የያዙ ናቸው። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል የሚፈላ ውኃ አለ። ብሎኖቹ ከለቀቁ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይቀደዳል፤ እንፋሎቱም በዚያችው በር ወጥቶ መጀመሪያ የሚያገኘው ነጂውን ነው።

ይህን ያስተማሩኝ ሚስተር ኩስ ናቸው። በዱሮው ጊዜ የቦይለር ሠራተኛ የነበሩ፣ ቀይ ፊት ያላቸው ነጭ ሽማግሌ ነበሩ። እያንዳንዱን ብሎን በትንሽ መዶሻ መታ አደርጋለሁ። ጤነኛው እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰበረው ድምፁ ታፍኖ ይቀራል። በጠመኔ ምልክት አድርጌ እወጣለሁ። ሲያስተምሩኝ ድምፁን በአፋቸው እያስመሰሉ ስለነበር በመካከላችን ቋንቋ አላስፈለገንም።

ካናዳ ውስጥ ከዚያው ፋብሪካ የወጡ ሎኮሞቲቮችን የሚጠብቅ ሙዚየም አለ። ሚስተር ኩስ ከሙዚየሙ ሰዎች ጋር ይጻጻፉ ነበር፤ እነሱም የንድፍ ቅጂዎችን በፖስታ ይልኩላቸዋል። ከደብዳቤዎቹ አንዱን ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። በአንድ የሰሜን አሜሪካ የባቡር ኩባንያ መስመር ላይ ዕድሜዋን የጨረሰች የካናዳዊቷን እኅት ሲያድሱ ከፊት፣ በታችኛው ጥግ ላይ ስንጥቅ እንዳገኙ፣ የእኛዎቹም ያንን ቦታ ደጋግመው እንዲያዩ ይመክራል። ባሕር ማዶ ያሉ የማያውቁን ሰዎች ለእኛ ብረት ማሰባቸው ያኔ በጣም ይደንቀኝ ነበር።

በእረፍት ሰዓት ባባ ድላሚኒ ወተት የበዛበት ሻይ ይዘው አጠገቤ ይቀመጡና ያወሩኛል። በዚያው ግቢ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል፤ ሥራቸው ከሎኮሞቲቮቹ ሥር ገብቶ ትኩስ አመድ መዛቅ ነበር። በዚያ ዘመን በነጂው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ነጭ ብቻ ነው። ሚስተር ኩስ ያን ሁሉ ዓመት በዚያው ግቢ ሲመላለሱ በስማቸው ጠርተዋቸው አያውቁም፤ አሁን ከአንድ ፔርሙስ ይጠጣሉ። ባባ ድላሚኒ ይህን የሚነግሩኝ ስሞታ በሌለበት ድምፅ ነው። አመድ እየዛቁ የእያንዳንዱን ነጂ ጠባይ በድምፅ ብቻ ለይተው እንደሚያውቁ ግን በኩራት ይነግሩኛል። በጡረታ ዘመናቸው ተምረው፣ ተፈትነው የእንፋሎት ነጂነት ወረቀት አወጡ። ካናዳዊቷ ስትነሳ የሚነዷት እሳቸው እንዲሆኑ ማኅበሩ ወሰነ። ባለቤታቸው ለዚያ ቀን የሚለብሱትን ሸሚዝ ገዝተው አስቀምጠዋል።

ሥራው በጸደይ መጀመሪያ አለቀ። የመንግሥት መርማሪ መጥቶ ቦይለሩ በቀዝቃዛ ውኃ ሲሞከር አይቶ አሳለፈው። ከዚያ አንድ ቀን ትንሽ እሳት አንድደን አሞቅናት። ሰኞ ትልቁ እሳት ሊነድ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ እንግዶች ተጠርተው ልትሄድ ሆነ። ለእኔ የቀረችኝ አንዲት ቅዳሜ ነበረች፤ አመዱን ጠርጌ ለመጨረሻ ጊዜ መታ መታ እያደረግሁ ማየት ነበረብኝ። ሚስተር ኩስ ያን ቀን አልመጡም። ባባ ድላሚኒ በሩ ላይ ተደግፈው ባትሪ ያበሩልኝ ነበር።

ከፊት በታችኛው ጥግ ስደርስ መዶሻው ድምፁ ታፈነ። ቀጥሎ ያለውን መታሁ፤ እሱም ታፈነ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ዝቅ ብዬ ሳይ ከጥጉ የሚነሳ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ መስመር አለ። ውኃ በስንጥቅ ወጥቶ ሲደርቅ የሚተወው ጨው እንደሆነ አውቃለሁ።

«ሲሲ» አሉኝ ከውጭ፤ እህቴ ማለታቸው ነው። «ሁሉ ሰላም ነው?»

ዞር ስል በዚያች ሞላላ በር ፊታቸው ብቻ ይታያል። ሠላሳ ዓመት ከሥር የኖሩ ሰው ለመንዳት አንድ ሳምንት ቀርቷቸዋል። ጠመኔው በእጄ ነው።

«ሰላም ነው፣ ባባ» አልኳቸው።

በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ሰባኪው የሚናገረው አልገባኝም፤ የሚታየኝ ባባ ድላሚኒ ሰኞ ጠዋት ከሰል ሲጨምሩ ነው። ስብከቱ ሳያልቅ ወጣሁና ታክሲ ተሳፍሬ ወደ ሼዱ ሄድኩ። እሑድም እንደማይጠፉ አውቅ ነበር። በእርግጥም ብቻቸውን የነጂውን ክፍል ናስ እየወለወሉ አገኘኋቸው።

ጥጉ ላይ ሦስት ብሎኖች ድምፃቸው ልክ እንዳልሆነ፣ ነጭ መስመርም እንዳለ ነገርኳቸው። ትናንት ለምን እንዳልነገርኳቸው ሳይጠይቁኝ፣ «ትናንት እርግጠኛ አልነበርኩም» አልኩ።

ጨርቁን አስቀመጡ። ኮታቸውን አውልቀው ከቤተ ክርስቲያን ቀሚሴ በላይ አለበሱኝና ግቢ አሉኝ። እሳቸው ጭንቅላታቸውንና አንድ እጃቸውን በበሩ አስገቡ፤ ትከሻቸው ግን አላልፍ አለ። አንደኛውን መታሁ። ሁለተኛውን መታሁ። ሦስተኛውን ስመታ «ይበቃል» አሉ።

ስወጣ የከሰሉ ክምር ላይ ተቀምጠዋል። ከጣቢያው የኤሌክትሪክ ባቡር ሲያልፍ መሬቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። የሚቆጣኝን ሰው ስጠብቅ ሌላ ነገር ሰማሁ።

«እዚህ ግቢ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ስሠራ ምን ሰማህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አሉ። «ብዙ ነገር እሰማ ነበር። አንቺን ግን ጠየቅሁሽ። የጠየቀሽን ሰው እውነቱን ትነግሪዋለሽ።»

ተነስተው በሩ ላይ በጠመኔ «እሳት እንዳይነድ» ብለው በትልቁ ጻፉ። ለሚስተር ኩስ የደወሉትም፣ ለማኅበሩ የተናገሩትም ራሳቸው ናቸው። ማን እንዳገኘው ሲጠየቁ የኔን ስም ጠሩ።

ጥገናው ሁለት ዓመት ፈጀ። ያን ጥግ በሙሉ ቆርጠው አዲስ ብረት በየዱበት፤ ለብየዳው መመሪያውን የላኩት የካናዳዎቹ ሰዎች ናቸው። የተቆረጠውን ቁራጭ ሚስተር ኩስ ሲያሳዩኝ ስንጥቁ በውኃው በኩል ከገመትነው በላይ ጠልቆ ነበር። በዚያ መካከል የስኳር በሽታ የባባ ድላሚኒን ዓይን ያዘው። ለነጂዎች የሚደረገውን የዓይን ምርመራ አላለፉም፤ ወረቀታቸውን ራሳቸው ሄደው መለሱ።

ካናዳዊቷ የሄደችው ዝናብ በጣለ ማግስት፣ ሣሩ አረንጓዴ በሆነበት ጠዋት ነው። የነዳት ሌላ ሰው ነበር። ባባ ድላሚኒን ከነጂው ጎን እንዲቆሙ ለመኗቸው፤ በሥራ ቦታ ላይ ሥራ የሌለው ሰው አይቆምም ብለው እምቢ አሉ። በፊተኛው ፉርጎ በእኔና በባለቤታቸው መካከል ተቀመጡ፤ ያን ሸሚዝ ለብሰዋል። ባቡሩ ሲነሳ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በማዕድን አፈር ክምሮች መካከል እየሄድን ነጂው የሚያደርገውን ሁሉ በሹክሹክታ ይነግሩኝ ጀመር። አሁን ከፈተ። አሁን ቸኮለ። ዳገቱ ላይ ስንደርስ የጭሱ ምት ዝግ፣ ጠንከር አለ፤ እጃቸው የእንፋሎቱን መክፈቻ እንደያዘ ሁሉ በጉልበታቸው ላይ በቀስታ ወደ ኋላ ሲሳብ አየሁ። «አሁን ገባው» አሉ።

ባባ ድላሚኒ ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ ሚስተር ኩስም የሉም። ካናዳዊቷ አሁንም በሼዱ አለች፤ አንዳንድ ክረምት ትሄዳለች፣ አንዳንዴ የሐዲዱ ነገር አስቸግሮ ትቆማለች ሲሉ እሰማለሁ።

ሜሮን ታሪኩን ሰምታ ስትጨርስ ስልኳን አጠፋችና ትጸጸቻለሽ ወይ አለችኝ። ያን እሑድ ዝም ብትይ ኖሮ ይነዷት ነበር ማለቷ ነው። በዚያ አልጸጸትም አልኳት፤ እውነቴን ነው። ያልነገርኳት ሌላ ነው። ትናንት እርግጠኛ አልነበርኩም ያልኳቸው ውሸት ነበር። ያን ቅዳሜ አንደኛውን ብሎን ስመታ ነው ያወቅሁት፤ እስኪሞቱም ድረስ ይህን አልነገርኳቸውም። ከዕድሜ ጋር ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ነጂን ከአመድ ሥር ሆነው በድምፅ የሚለዩት ሰው፣ መዶሻዬ ሦስት ጊዜ ታፍኖ ሲቀር በሩ ላይ ቆመው ነበር። አልሰሙም ብዬ ማመን ከዓመት ዓመት እየከበደኝ ሄደ። ሰምተው፣ ሰላም ነው እንድላቸው ፈልገው ጠይቀውኝ ይሆናል፤ እኔም ያንን ሰጠኋቸው። ያች ሌሊት ለሁለታችንም ረጅም ሳትሆን አልቀረችም። እሑድ ጠዋት እኔ ወደዚያ ባልሄድ እሳቸው ወደኔ ይመጡ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ እንዲህ ማሰቡ ለሁለታችንም የሚገባን ይመስለኛል።