አቶ አያሌው ቤታቸው ያልተገኙ ዕለት

ይህ ነገር የገጠመኝ ካቻምና ጥቅምት ውስጥ ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣው መኪና መንገድ ላይ ስለቆመብኝ አይደለም፤ መኪናዬ መቆም ልማዷ ነው። ያልወጣው አንድ አባት በዚያ ሰበብ ለእኔ ሊነግሩኝ የማይገባቸውን ነገር ስለነገሩኝ ነው።

ደብረ ታቦር የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። መኪናዋ የታላቅ ወንድሜ ነበረች። አዲስ አበባ ላይ ለዓመታት ሲነዳት ኖሮ ሲሰለቻት ለእኔ ሰጠኝ። ሃይብሪድ ናት፤ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም ትሄዳለች። ስትነሳ ድምፅ የላትም። አልነሳም ስትልም ድምፅ የላትም። ልዩነቱን የሚያውቀው ዳሽቦርዷ ላይ የሚበራውን አረንጓዴ መብራት የሚያይ ሰው ብቻ ነው።

በዚያ እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች ለእኔ ሚስት ሊጠይቁ ወደ እብናት ይሄዱ ነበር። ልጅቷ እመቤት ትባላለች፤ አብራኝ ታስተምራለች። አባቷ አቶ አያሌው እብናት ውስጥ የታወቁ እህል ነጋዴ ናቸው። እኔና እሳቸው ግን ተያይተን አናውቅም። እመቤት "አባቴ አንዴ እንቢ ካለ አለቀ፤ ማንም አይመልሰውም" ብላኛለች። ስለዚህ ነገሩ በዚያ ቀን ከተበላሸ እመቤትን አጣኋት ማለት ነው።

በእኛ አገር ወግ የሚያገባው ሰው ከሽማግሌ ጋር አይሄድም፤ ነውር ነው። ነገር ግን ያናገርነው ሚኒባስ ጠዋት ቀረብን። የእኔን መኪና ደግሞ ከእኔ ሌላ የሚችላት የለም። ሽማግሌዎቹ ትንሽ ተመካከሩና "ለዛሬ ሹፌር ነህ። እብናት መግቢያ ላይ ታወርደንና ሻይ ቤት ትቀመጣለህ" ብለው ፈረዱ።

ከፊት መሪጌታ ፈንቴ ተቀመጡ። ከኋላ አጎቴ ጋሼ ደሴና ጎረቤታችን አቶ ካሴ ነበሩ። አቶ ካሴ ብዙ አይናገሩም። ለሽምግልና የተመረጡትም ለዚሁ ነው።

መንገዱን ካጋመስን በኋላ አንድ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ደረስን። መሪጌታ ሳይሳለሙ አያልፉም። ጋሼ ደሴም አብረዋቸው ወረዱ። አቶ ካሴ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው መኪናው ውስጥ ቀሩ። እንዳይሰለቻቸው ብዬ መኪናዋን አጥፍቼ ሬዲዮኑን ከፈትኩላቸው። መሪጌታ ከሚያውቋቸው ቄስ ጋር ጨዋታ ይዘው ቆዩ። ሬዲዮኑም ቆየ።

ተመልሰው ሲገቡ የማስነሻውን ቁልፍ ተጫንኩ። መብራቶቹ ብልጭ ድርግም አሉ፣ የሆነ ነገር ቀጭ ቀጭ አለ፣ ከዚያ ሁሉም ጠፋ።

ይህቺ መኪና ሁለት ባትሪ አላት። ትልቁ መኪናዋን የሚያንቀሳቅሰው ነው። ትንሹ ደግሞ ትልቁን የሚቀሰቅሰው ነው። የደከመው ትንሹ ነበር። ትንሹ ያለው በኋላው ኮፈን ውስጥ ነው፤ የኋላው ኮፈን የሚከፈተው ደግሞ በትንሹ ባትሪ ጉልበት ነው። ይህን ለሽማግሌዎቹ ሳስረዳ መሪጌታ "ቁልፉን ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጠህ ሳጥኑን ቆለፍከው ማለት ነው?" አሉኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልነበረኝም።

ከቤተ ክርስቲያን የሚወጡ ሰዎች ከበቡን። በእኛ አካባቢ የቆመ መኪና ይገፋል፤ ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ የለም። "ይቺ በስፒንታ አትነሳም፣ ብትገፏትም ዋጋ የለውም" አልኳቸው። "አይዞህ" አሉኝና ገፉ። አልነሳ ስትል ሌላ ሰው ጠርተው ጨመሩ። አቶ ካሴ ውስጥ እንደተቀመጡ አብረው ተገፉ። በመጨረሻ ዳገቱ ሥር አድርሰውን "በሉ፣ ይቅናችሁ" ብለው ሄዱ።

ይህን ጊዜ መሪጌታ ፊታቸው ጠቆረ። "ገና ከመንገዱ ገዱ አልቀናም። መመለስ ይሻላል" አሉ። ደነገጥኩ። መሪጌታ ገድ የላትም ብለው ለተመለሱባት ልጅ ሁለተኛ ሽማግሌ እንደማይሆኑ አውቃለሁ።

እየለመንኳቸው ሳለ ከእብናት በኩል አንድ አይሱዙ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ባርኔጣ ያደረጉ፣ ጋቢ የደረቡ ጎልማሳ ራሳቸው እየነዱ ነበር።

"እንደምን ዋላችሁ? ምነው ቆማችሁ? ወዴት ናችሁ?"

ሽማግሌ የሚሄድበት ጉዳይ መንገድ ላይ አይነገርም። ጋሼ ደሴ የሚሉት ጠፍቷቸው ሲቁለጨለጩ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያልተነፈሱት አቶ ካሴ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ።

"ለቅሶ" አሉ።

ሰውየው ወዲያው ባርኔጣቸውን አወለቁ። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ማን አርፎ ነው?"

"ወዲህ እብናት ነው" አሉ ጋሼ ደሴ።

"አሁን ከእብናት መምጣቴ ነው። ማንም አልሞተም።"

"ከእብናት ወዲያ፣ ገጠሩ ነው።"

"ማን ይባላሉ? እህል የማልገዛበት ቀበሌ የለም። ለቅሶ ሰምቼማ አላልፍም፣ አብሬያችሁ እመለሳለሁ።"

ጋሼ ደሴን ላብ አጠመቃቸው። "ገና አልሞቱም" አሉ። "ታመው ነው። አይተርፉም ስለተባለ ነው።"

"ታዲያ በሕይወት ያለ ሰው ለቅሶ ይባላል? ጥየቃ በሉ እንጂ!"

መሪጌታ ፊታቸውን አዙረው ተራራውን ማየት ጀመሩ።

ሰውየው የባትሪ ኬብል አወጡ። ደግነቱ መኪናዬ ከፊት ኮፈን ሥር ኬብል የሚያያዝበት ቦታ አላት። አይሱዙ ግን ሁለት ባትሪ ስላለው የሁለቱ ኃይል ባንድ ላይ ከመጣ መኪናዬ እዚያው ትቃጠላለች። ከአንዱ ብቻ እንድንወስድ ለመንኳቸው። "ጥንቁቅ ሹፌር ነህ" አሉኝ። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ሄደው ተቀመጡ። እኛ ባትሪው ትንሽ እስኪሞላ ቆመን ጠበቅን።

"ከመንገድዎ አስቀረንዎ" አልኳቸው።

"ምን መንገድ አለኝ፤ ቤቴ እንዳልገኝ ብዬ ነው የምዞረው። ዛሬ ለልጄ ሽማግሌ ይመጣል ብላ እናቷ ሹክ ብላኛለች። በመጀመሪያው ቀን በር ላይ ቆሜ ልጠብቃቸው? ልጄ የሰለቸችኝ እኮ ነው የሚመስለው።"

"ልጅዎ እብናት ነች?" አልኩ፣ ዝም ላለማለት።

"ደብረ ታቦር ታስተምራለች። እመቤት ትባላለች።"

 ኬብሉ እንዳይወድቅ በሁለት እጄ ያዝኩት።

"የሚጠይቃትም አስተማሪ ነው አሉ" ብለው ቀጠሉ። "ብዙ አጠያየቅሁ፣ ክፉ ነገር አልሰማሁበትም። ብሰማ ይሻለኝ ነበር።"

"ለምን?"

"እንቢ ለማለት ነዋ። ወንድሙ አዲስ አበባ ነው አሉ። ነገ እሱም ይሄዳል፣ እሷንም ይዟት ይሄዳል። እኔ ከእሷ ሌላ ልጅ የለኝም። ሳምንት ሳትመጣ ስትቀር እናቷ እህል አትቀምስም፤ እኔም ውጪ በልቻለሁ ብዬ እዋሻለሁ። እንዲህ ተብሎ ለሽማግሌ አይነገርም። ለሽማግሌ የሚባለው ልጅቷ ገና ናት ነው። አንተ መንገደኛ ነህ ብዬ ነው።"

አንጀቴን በሉት። "ላይሄድም ይችላል እኮ" አልኳቸው።

"አንተ በምን ታውቃለህ?" አሉኝ።

መኪናዋ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ተጫንኩ። አረንጓዴው መብራት በራ።

"በል አስነሳት እንጂ" አሉኝ።

"ተነስታለች።"

"መቼ?" ጆሯቸውን ወደ ኮፈኑ አስጠግተው አዳመጡ። ያመኑኝ ኬብሉን ነቅዬ ወደ ፊት ፈቅ ሳደርጋት ነው።

ወደ ዛፉ ሄጄ ሰውየው ማን እንደሆኑ ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። ጋሼ ደሴ ራሳቸውን ያዙ። መሪጌታ ግን "ከእንግዲህ ውሸት አንጨምርበትም" ብለው ተነሱ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሦስቱም ሄደው ልክ ሰው ደጅ ላይ እንደሚቆም ሽማግሌ፣ አይሱዙው ፊት ተደርድረው ቆሙ።

"አቶ አያሌው" አሉ መሪጌታ። "የታመመም የሞተም የለንም፤ ይቅር ይበሉን። እኛ ደጅዎ ልንቆም የመጣን ነን። ደጅዎ እዚህ ሆነና ቆመናል።"

አቶ አያሌው ሦስቱን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ። ኬብላቸው አሁንም እጄ ላይ ነበር።

"ይሄስ?" አሉ።

"ሹፌር" አሉ አቶ ካሴ።

አቶ አያሌው ፊታቸው ቀላ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ኬብሉን ከእጄ ወስደው ቀስ ብለው ጠቀለሉት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አደረጉና ወደ መሪጌታ ዞሩ።

"አቶ አያሌው ዛሬ ቤታቸው የሉም" አሉ። "ለሚመጣው እሁድ ግን ይገኛሉ።"

መኪናቸው ውስጥ ገብተው ካስነሱ በኋላ በመስኮት ጠሩኝ። "አንተ፣ ለእሁድ ባትሪውን ቀይረህ ና።"

ቀይሬ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ደጃቸው ላይ ሲቆሙ አቶ አያሌው "ከወዴት መጣችሁ?" ብለው አይተዋቸው እንደማያውቁ ሰው ጠየቁ። ልጅቷ ገና ናትም አሉ። ብዙ አቁመዋቸው ነበር። እኔ እህል ተራው አጠገብ መኪናዬ ውስጥ ስጠብቅ፣ ለሹፌሩ ተብሎ ከቤት ምሳ መጣልኝ። ስከፍተው ዶሮ ነው። ለሹፌር የዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ አይላክም። እመቤት እንደተሰጠችኝ ያወቅሁት ሽማግሌዎቹ ከመውጣታቸው በፊት ነው።

ጥር ላይ ተጋባን። በቤተሰቡ ወሬ አማቴ እኔን መጀመሪያ ያዩኝ በሠርጉ ቀን ነው። የመንገዱን ነገር እሳቸውም አንስተውት አያውቁም፣ እኔም አላነሳሁትም።

አምና ወንድሜ አዲስ አበባ ጥሩ ሥራ አገኘልኝ። እመቤት "አንተ እንዳልክ" አለችኝ። አልዋሽም፣ በጣም አጓጉቶኝ ነበር። እንቢ አልኩ። ወንድሜ እስካሁን ምን ነክቶህ ነው ይለኛል። ደመወዝ ከወሩ በፊት ሲያልቅ እኔም ምን ነክቶኝ ነው እላለሁ።

አማቴ ነገሩን ከሰው ሰምተው ኖሯል። ከዚያ በኋላ እብናት ስንሄድ ስለ ሥራው ምንም አላሉኝም። አጠገባቸው ቦታ ለቀው አስቀመጡኝ፣ እጄን ያዙና ዘንድሮ ጤፉ እንዴት እንደያዘ ሲያወሩኝ አመሹ። እጄን ግን አልለቀቁትም። ስለ ጤፉ ምን እንዳሉ አንድም አልሰማሁም፤ እንባዬን እየዋጥኩ ነበር።