ለደግ ወሬ የተጠራች እናት

የጫት መኪና ጡሩምባ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ልቤ ድንግጥ ይላል። ጅጅጋ ውስጥ ያ ድምፅ ለሌላው ሰው የቀትር ደስታ ነው፤ መኪናው ከአወዳይ ሲከንፍ መጥቶ ገና ጡሩምባውን ሲነፋ፣ ባለሱቁ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ባጃጅ ነጂው ተሳፋሪውን አጣድፎ አውርዶ ወደ ጫት ተራ ይሮጥ ነበር። እናታችን ከሻጮቹ አንዷ ስለነበረች በዚያ ሰዓት ቤት ቢቃጠል እንኳ ከቦታዋ አትነሣም ነበር። አባታችን የጭነት መኪና ሹፌር ሆኖ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ስለሚኖር፣ እኔንና በዓመት የምትበልጠኝን እህቴን ነጃትን ያሳደገን ጫት ተራው ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እናቴ ከወሎ የመጣች፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። መስከረም ሲጠባ ደብተርና ዩኒፎርም ገዝታ፣ «በሉ እንግዲህ፣ አላህ ይግለጥላችሁ» ብላ ትሸኘንና እስከ ሰኔ የትምህርት ቤቱን ደጃፍ አትረግጥም ነበር። እሷ ብቻ አይደለችም። በእኛ ሰፈር ወላጅ የሚጠራው ልጁ ሲደባደብ፣ መስኮት ሲሰብር ወይም ሲታመም ብቻ ነበር። እኔ ስድስተኛ ክፍል የገባሁበት ዓመት ደግሞ ሰው ከሞተበት የከተማው ግርግር በኋላ የመጣ ስለነበር፣ ድንገት «ነይ» መባል እናቶችን ያስበረግግ ነበር።

ኅዳር ገብቶ የጅጅጋ ነፋስ አቧራውን ዓይናችን ውስጥ መዝራት ሲጀምር የክፍላችን መምህር አንድ መላ ዘየደ። በሶማሊኛ መምህር ማለት ስለሆነ መዓሊን እንለው ነበር፤ ሲናገር እጁን የሚያርገበግብ፣ ቀጭን ወጣት ነው። ወላጆች ለምን ወደ ትምህርት ቤት እንደማይመጡ ተግባራዊ ምርምር ይሠራ ነበር። ያኔ አልገባኝም፤ ነገሩ ግን ቀላል ነው፣ አንድ ነገር ትሞክራለህ፣ የሆነውን ታያለህ፣ ካልሠራ ደግሞ ሌላ ትሞክራለህ። የመጀመሪያ ሙከራው የጎበዝ ልጆችን እናቶች ጠርቶ በልጆቻቸው ፊት ማመስገን ነበር። ሐሳቡስ ጥሩ ነበር፤ ምን ዋጋ አለው፣ ደስታውን ድንገተኛ ላድርገው ብሎ ምክንያቱን ሳይናገር መጀመሪያ ለእናቴ ደወለ። «የሂንድ እናት ነዎት? ቶሎ ወደ ትምህርት ቤት ይምጡ» ብሎ ዘጋው። ያውም ጡሩምባው በሚነፋበት ሰዓት፣ እኛ በከሰዓት ፈረቃ ክፍል ገብተን ሳለ።

በመስኮት ስመለከት መጀመሪያ ያየሁት የጫት ተራ ሴቶችን ነው። ደረታቸውን እየደቁ፣ ዘበኛውን ገፍተው፣ እየጮኹ ግቢውን ሞሉት። መሐላቸው እናቴ ነበረች፤ አንድ እግሯ ባዶ፣ ሻርፗ ትከሻዋ ላይ ወድቆ፣ «ልጄን የት አደረጋችኋት? ሬሳዋን አሳዩኝ» ትል ነበር። ክው አልኩ። ለአንድ አፍታ የምሬን የሞትኩ መሰለኝ። ሮጬ ስወጣ አፈፍ አድርጋ ይዛኝ፣ ጭንቅላቴን፣ ክንዴን፣ ጀርባዬን ዳብሳ፣ ደህና መሆኔን ስታውቅ እዚያው አቧራው ላይ ዘፍ አለች። ነጃትም ከክፍሏ ወጥታ አጠገባችን ቆማ ነበር።

መዓሊን ፊቱ አመድ መስሎ፣ «ወይዘሮ ዘሃራ፣ ምንም አልሆነችም። በወሩ ፈተና አንደኛ ስለወጣች ላመሰግንዎት ነው የጠራሁት» አላት።

እናቴ ቀና ብላ አየችው። «ለደግ ወሬም ትጠራላችሁ እንዴ?» አለችው።

ጎረቤቷ ሀበርያር ፋጡማ፣ እንደ አክስት ስለምናያት በሶማሊኛው እንዲያ ነበር የምንጠራት፣ እንባዋን እየጠረገች፣ «ለቅሶ ብለን የተውነው ጫት ደረቀ እኮ» ስትል ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እናቴ ግን አቧራዋን አራግፋ ተነሣችና፣ «እሰይ። ካወቀችማ በቃት። በጅቡቲ መንገድ አይሻ ከተማ ሱቅ ያላት እህቴ ማንበብና ሒሳብ የምትችል ልጅ ስጪኝ ብላ ስትለምነኝ ነው የከረመችው። ሰኔ ላይ ትሄድላታለች» አለች። ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋብኝ ያህል ደነገጥኩ፤ ጉብዝናዬ ከትምህርት ቤት ሊያስወጣኝ ነው። መዓሊንም እጁ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ከዚያ በኋላ መደወሉን ተወው። በጥርና በየካቲት፣ ውሃ በቦቴ በሚታደልበት በዚያ ድርቅ፣ ጠዋት ጠዋት ጫቱ ሳይመጣ ጫት ተራ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከሴቶቹ ጋር ሻይ ይጠጣ ነበር። ሲመክር አልሰማሁትም፤ መቼ እንደሚመቻቸው፣ ምን እንደሚያስፈራቸው ይጠይቃል፣ እነሱም ይቀልዱበታል።

ሚያዝያ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ፈረቃችን ወደ ጠዋት ዞረ፤ ያኔ እናቶቹን ክፍል ገብተው እንዲቀመጡ ጋበዛቸው። እናቴ ጉልበቷ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሏት በጎን ተቀመጠች። መዓሊን የስድስተኛ ክፍልን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «ሂንድ እዚህ ናት» አላትና ከጎኑ ከሰባተኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ያሉትን ይከምር ጀመር። ክምሩ አገጩ ጋ ደረሰ። እናቴ ተነሥታ በመዳፏ ነካችው።

«ይህ ሁሉ ገና ነው?»

«ገና ነው።»

«እኔ ጨረሰች ብዬ» አለች፣ ድምፅዋ ሰልሎ። እንደዚያ ስትደነግጥ ያየኋት ሬሳዬን ፍለጋ በመጣች ቀን ብቻ ነው።

ሰኔ ሲገባ አክስቴ ከአይሻ መጣች። እናቴ፣ «ሂንድን አልሰጥሽም፣ ገና ናት» ስትላት በደስታ ልቤ ሊቆም ምንም አልቀረው። አክስቴ ግን ባዶ እጇን ልትመለስ አልመጣችም። «ነጃትስ?» አለች። ነጃት አትረብሽ፣ አንደኛ አትወጣ፣ በክፉም በደግም ማንም ወላጅ አምጪ ብሏት አያውቅም። እናቴ ትንሽ አሰበችና፣ «ስለ እሷ እንኳ የነገረኝ የለም» አለች። በማግስቱ ነጃት ልብሷን በፌስታል ይዛ ሚኒባስ ተሳፈረች። እኔ መቅረቴን እንጂ በእኔ ፈንታ የሚሄድ ሰው እንዳለ አላሰብኩም ነበር፤ ሚኒባሱ ከዓይኔ ከራቀ በኋላም በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ መምህርነት እማራለሁ። ያኔ እናቶች ስልክ ሲጮህ ለቅሶ ይወጡ ነበር፤ ዛሬ ለልምምድ በምወጣበት ትምህርት ቤት በቴሌግራም መልካሙንም ክፉውንም ይሰማሉ፤ የጎበዞቹና የረባሾቹ ስም ነው ግን የሚበዛው። ባለፈው ዒድ አይሻ ሄጄ ነጃትን አየኋት። አሁን ሱቁን የምታስተዳድረው እሷ ናት፣ ፈረንሳይኛ ሳይቀር ከጅቡቲ ሹፌሮች ለቃቅማ ትናገራለች። ስኳር እየመዘነች፣ ቀና ሳትል፣ «በዓመቱ አንቺንም ያስተማረሽ የሰባተኛ ክፍል መምህሬ ስሜን ያውቀው ነበር?» አለችኝ።

«አዎ» ብዬ ልዋሽላት ፈለግሁ፤ አልቻልኩም።