የኸሊዳ ስምንት ቆርኪ

የልጄ የኸሊዳ እጆች ሳፋ ውስጥ ናቸው። የለስላሳ ቆርኪ ታጥባለች። እያንዳንዱን አሽታ ጠርዙን በጣቷ ትዳብሳለች። የሚቧጥጥ ከሆነ በድንጋይ ትደፈጥጠዋለች፤ ካልሆነ ፀሐይ ላይ ያነጠፈችው ማዳበሪያ ላይ ትጥለዋለች። አዋሽ ላይ አንደኛ ክፍል ማስተማር ከጀመረች ሃያ አንድ ዓመቷ ነው። ተማሪዎቿ መደመርና መቀነስ የሚማሩት በነዚህ ነው፤ ለአንድ ልጅ ሃያ ቆርኪ። እኔም በስድሳ ሁለት ዓመቴ ፊደል የለየሁት ቆርኪ ሆድ ላይ እየጻፈችልኝ ነው።

ልጽፍ የተነሳሁት ግን ስለ ሩጫዋ ነው።

ኸሊዳ ዲፕሎማ ነበራት። ዲግሪዋን ለመያዝ ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ለሚሰጠው የክረምት ትምህርት አመለከተች። እዚያ ክረምት የሚማሩት መምህራን ናቸው፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወርደው ሁለት ወር ተምረው ይመለሳሉ። የዲፕሎማ ማስረጃዋን፣ የሥራ ልምዷንና የወረዳውን የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቋት። መግቢያ ፈተና ተፈትና አለፈች። አምስት ክረምት ይፈጃል አሏት።

የመጀመሪያው ክረምት ሲደርስ ኑርሀያትን ከወለደች ገና ሁለት ወሯ ነበር። ስለዚህ እኔም አብሬ ወረድኩ። እሷ ክፍል ስትገባ፣ እኔ ከግቢው አጠገብ በተከራየናት ክፍል ውስጥ ሕፃኗን ለሙቀቱ በረጠበ ሽርጥ እየጠቀለልኩ እጠብቃለሁ። በየዓመቱ እንዲሁ አደረግን። ኑርሀያት መዳህም፣ መሄድም፣ ከእኔ ጋር መከራከርም የተማረችው ሰመራ ነው።

በአምስተኛው ክረምት ትምህርቱ አለቀ። ሥነ ልቦናው፣ ሂሳቡ፣ እንግሊዝኛው፣ የማስተማር ልምምዱ፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ ሁሉም። ምርቃቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሬጅስትራር ሄድን። አዲስአለም የሚባል ረጋ ያለ ሠራተኛ የትምህርቶቿን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች በእስክሪብቶ ምልክት እያደረገ ወረደና አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«መምህርት፣ ይቺ ባዶ ናት» አላት።

«የቷ?»

«የአካል ብቃት። የመጀመሪያው ክረምት ላይ።»

«እሷማ ነጥብ የላትም። ያኔ አራስ ነበርኩ፤ አማካይ ውጤቴን አትነካም ብዬ ተውኳት።»

«ነጥብስ የላትም። አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ ነው የሚጻፈው። ግን ሳይወስዷት አይመረቁም።»

«ሦስት ነጥብ አራት አለኝ እኮ።»

«አይቻለሁ። ሲሮጡ ግን አላየሁም።»

ጥፋቱ የራሷ ነበር። ለልጆቿ ዜሮም ቦታ አለው እያለች የምታስተምር ሴት፣ ነጥብ የሌለውን ትምህርት እንደሌለ ቆጥራው ኖሯል። አሁን ካመለጣት እስከሚቀጥለው ክረምት መጠበቅ ነው። እኔ ደግሞ ጉልበቴ እየከዳኝ ነው፤ ለስድስተኛ ጊዜ ሰመራ መውረዴን እንጃ። እሷም ይህን ታውቃለች።

አዲስአለም አንድ መንገድ አሳያት። አዲስ ገቢዎቹ የአካል ብቃት ፈተናቸውን ከስምንት ቀን በኋላ ይፈተናሉ። መምህሩ ከፈቀደ ከነሱ ጋር መፈተን ትችላለች።

ወደ ሜዳው ሄድን። አንድ ረጅም ወጣት ፊሽካ በአፉ ይዞ ቆሟል። ኸሊዳን ሲያይ ፊሽካውን አወጣው።

«ቲቸር? ምን እግር ጣለዎት?»

ካሚል ነው፤ የአዋሽ ልጅ፤ ማስተማር በጀመረችበት ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማረችው። ያኔ ቆርኪ ሲቆጥር ከአስራ ስምንት ቀጥሎ ሃያ ይል ነበር። አስራ ዘጠኝን እስኪጠራት ድረስ ደወል ከተደወለ በኋላ ታስቀረው እንደነበር እናቱ ቤታችን ድረስ መጥታ ነግራኛለች።

«ልትፈትነኝ ነው» አለችው።

ስምንት ዙር በሠላሳ ደቂቃ መሆኑን ነገራት። መሮጥም መራመድም ይቻላል፤ መቆም ግን የለም። ቀጥሎ ድምፁን ቀነሰ። «ለእርስዎ ሦስት ይበቃል።»

«ለሌሎቹስ?»

«ስምንት።»

«እንግዲያው ስምንት።»

ከማግስቱ ጀምራ ሱብሒ ሰግዳ መሮጥ ያዘች። በመጀመሪያው ቀን የግቢውን አጥር ግማሽ እንኳ ሳትዞር ተመልሳ ደጃፉ ላይ ተዘረጋች። «እማ፣ ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ነው የምትመታው» አለችኝ። በአራተኛው ቀን እስከ ዋናው መንገድ ደረሰች። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ፍጥነቱን ቀንሶ በመስኮት ብቅ አለ። «እትዬ፣ ወደ ጅቡቲ ከሆነ ልጫንሽ።» እሷም ሳትዞር፣ «አንተ ማርሽ እስክትቀይር እኔ ደርሻለሁ» አለችው። በዚህ ጊዜ ልቧ እንደተመለሰ ገባኝ።

የፈተናው ዕለት በጎረቤት ስኒከር፣ በረጅም ቀሚሷ፣ ሒጃቧን በመርፌ ቁልፍ አጥብቃ መጣች። ከቦርሳዋ ስምንት ቆርኪ አውጥታ ለካሚል ሰጠችው።

«በየዙሩ አንድ አንድ አቀብለኝ።»

«አያምኑኝም?»

«አውቅሃለሁ።»

ፀሐይ ገና ብቅ ማለቷ ነው። እኔና ኑርሀያት ጥላ ፈልገን ተቀመጥን። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች ደህና ዞረቻቸው። አምስተኛው ላይ ፊቷ አመድ መሰለ። ስድስተኛውን ስትጨርስ ካሚል ሰዓቱን አየና ቆርኪውን መዳፏ ላይ አስቀምጦ ጮክ ብሎ፣ «ሰባት። አንድ ብቻ ቀረዎት» አለ።

እውነቱን ልናገር። እኔ ስድስት መሆኑን አውቃለሁ፤ በጣቴ እየቆጠርኩ ነበር። በልቤ ግን ዝም በይ፣ ልጄ፣ ዝም ብለሽ እለፊ አልኳት።

ኸሊዳ አልቆመችም። እየተራመደች መዳፏን ገለጠችና አየችው።

«ካሚል፣ ዛሬም ትዘላለህ። ስድስት ነው።»

ሜዳው ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። ካሚል ራሱ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ከመስመሩ ወጥቶ አጠገቧ መሮጥ ጀመረ። «ሰዓቱን አልነግርዎትም» አላት፤ «አትንገረኝ» አለችው። ሌላ የምታወራበት ትንፋሽ አልነበራትም። ሰባተኛውን ግማሹን ተራመደችው። ስምንተኛውን እንዴት እንደጨረሰችው እሷም አታውቅም። ሰዓቱ ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ አልፎ ነበር።

መሬት ላይ ተቀምጣ መጨረሻውን ቆርኪ ተቀበለች።

«አልፈዋል፣ ቲቸር።»

«ጻፈዋ» አለችው።

ከሦስት ቀን በኋላ የተመራቂዎች ዝርዝር ተለጠፈ። ስሟን ራሴ በጣቴ እየተከተልኩ አገኘሁት። «ኸ» ላይ ትንሽ ቆይቼ ነው ያለፍኩት። በምርቃቱ ፎቶ ላይ የግራ እጇ በቆርኪዎቹ ላይ ጭብጥ ነው። ፎቶ አንሺው ዘርጊው ቢላት እምቢ አለችው።

አሁን አዋሽ ተመልሰናል። ስምንቱን ቆርኪዎች አንድ ቦታ የምታኖራቸው መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ከሌሎቹ ጋር ሳፋው ውስጥ ጨመረቻቸው። ዘንድሮ ስልሳ አንድ ልጆች ተመዝግበውላታል፤ ቆርኪው ግን አይበቃም። አብዛኛው ሻይ ቤት አሁን የፕላስቲክ ለስላሳ ነው የሚሸጠው።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ በአዋሽ ስታልፉ የጠርሙስ ለስላሳ ከጠጣችሁ ቆርኪውን ጠረጴዛ ላይ አትተዉብኝ። ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉና ለትምህርት ቤቱ ዘበኛ ስጡልኝ፤ የአንደኛ ክፍሏ የኸሊዳ ነው በሉት። ባይታጠብም ግድ የለም፤ እሷ ታጥበዋለች።