በሕይወት ላለ ሰው የተቀመጥነው ለቅሶ

ይህ ታሪክ ሊጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ አመንትቻለሁ። በዚያ በጠላት ዘመን ሰው በአደባባይ ተሰቅሏል፤ ቤት ከነሰዉ ተቃጥሏል። የአንዲት ሴት ሆድ ከልክ በላይ መተለቁ ከዚያ አጠገብ ሲያዩት ምን ቁም ነገር አለው? ነገር ግን ዘንድሮ የነርስነት ትምህርት ጀምሬ፣ መምህራችን ትልቅ ሕፃን ስለያዘች እናት ባስተማሩን ቀን፣ ብዕሬን ይዤ አንድ ቃል መጻፍ አቃተኝ። በክፍላችን ካሉት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ በዕድሜ እበልጣለሁ። ያየሁትን በቅደም ተከተል ካስቀመጥሁት ከመካከላቸው ለአንዷ ይጠቅማት ይሆናል።

የምንኖረው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በታች፣ በአማቴ፣ በባለቤቴ እናት ቤት ነበር። ባለቤቴ ከየካቲቱ እልቂት በኋላ ጥቂት ወራት ተደብቆ ቆየና ክረምቱ ሲገባ ወደ አርበኞቹ ሄደ። ማርገዜን ያን ጊዜ እሱም እኔም አናውቅም ነበር። ለጎረቤት "ቡና ሊነግድ ወደ ጅማ ወርዷል" አልን። ሰው ጥቂት ጠየቀና ተወን።

በመጨረሻዎቹ ወራት ሆዴ የሰው ሆድ መምሰሉን ተወ። ስቀመጥ ጉልበቴ ላይ ያርፋል፤ ስተኛ ትንፋሼን ይዘጋዋል። እግሬ አብጦ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። አማቴ ምግቤን መቀነስ ጀመሩ።

"አትቀልቢው፤ ሲወጣ ይበላል" ይሉኝ ነበር።

ከጌጃ ሰፈር አዋላጅ አስጠሩልኝ። ልደታ አካባቢ ግማሹን ሰው ያዋለዱ፣ አፋቸው የማያርፍ ሴትዮ ነበሩ። እጃቸውን ቅቤ ቀብተው ሆዴን ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት።

"መንታ ነው?" አሉ አማቴ።

"የምን መንታ! አንድ ነው። ግን ልጅ አይደለም፣ ጥጃ ነው። ልጅዎም ሲወለድ እንዲህ ነበር?"

"የኔ ልጅ ቀጭን ነበር። በእሷ ወገን ይሆናል።"

"እሷማ ይኸው ዳሌዋ የእንቦቀቅላ ነው። ከማን ወገን እንደመጣ እንጃ፤ በየት እንደሚወጣ ነው የቸገረኝ።"

ሳቅን። አዋላጇ ግን እጃቸውን ሲታጠቡ ሳቃቸው ጠፋ። "ወሩ ገብቶ ራሱ ገና ወደ ታች አልወረደም። እንዲህ ያለ ልጅ ሁለት ጊዜ ገጥሞኛል፤ አንደኛዋ እናት ተርፋለች" አሉ።

"ልጇስ?" ብዬ ጠየቅሁ።

አዋላጇ ፎጣውን አጥፈው አስቀመጡት። "እኔ ብቻዬን አልነካሽም የኔ ልጅ" አሉኝ።

ወንድሜ በዚያን ጊዜ ጣሊያኖቹ በሚያሠሩት አንድ ሆስፒታል ወለል ያጥብ ነበር። ማታ አዋላጇ ገና ሳይሄዱ መጣ፤ ምስጢራችንን እሳቸውም ያውቁ ነበርና ፊታቸው ነገርነው።

"እዚያ ሆድ ቀደው ያወጣሉ። በዓይኔ አይቻለሁ፤ እናቲቱም ልጁም ወጥተዋል" አለ።

"ከዚያስ?" አሉ አማቴ።

"ይሰፏታል እማማ።"

"እንደ ጆንያ?"

"እንደ ጆንያ። ግን በሕይወት ትወጣለች።"

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ዋናውን ነገር ተናገረ። በሩ ላይ አስተርጓሚ ተቀምጦ የማን ሚስት እንደሆነች ይጠይቃል። ባልየው ከሌለ የት እንደሄደ ሰው ልከው ከሰፈሩ ያጣራሉ። ባለፈው ወር አንዲቱን ባሏ ሸፍቷል ብለው ከነሆዷ ከአልጋ አውርደው ወስደዋታል።

"አንተ ባሏ ነኝ በላ!" አሉት አዋላጇ።

"እህቴ መሆኗን ዘበኛው ሳይቀር ያውቃል። ምሳዬን ስታመጣልኝ አልነበር?"

ወንድሜ ወለሉን እያየ "ሞቷል ካልን አይፈልጉትም" አለ።

አማቴ ከመቀመጫቸው ተነሡ። "ልጄን በቁሙ ልቅበረው? ከቤቴ ውጣ!"

ወንድሜ ወጣ። ነገሩ ግን ከቤቱ አልወጣም። "ሞቷል" ማለት ብቻ እንደማይበቃ ሁላችንም እናውቃለን። እኛ ሰፈር ሰው ሞቶ ለቅሶ ካልተቀመጡለት ማንም አያምንም። ጎረቤታችን ደግሞ ልጃቸው ለጣሊያን ወሬ ያቀብላል የሚባሉ ሴት ነበሩ። ስለዚህ መርዶ መነገር አለበት፤ ሰው መጥቶ ማልቀስ አለበት፤ እኔም ጸጉሬን መላጨት አለብኝ። አማቴ ለብዙ ቀን አላናገሩኝም። ምግቤን ግን መቀነሱን ትተው ሙሉውን ያቀርቡልኝ ጀመር። ይህ ከቁጣቸው ይልቅ አስፈራኝ፤ ሊሰናበቱኝ መስሎኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከደጃፉ ልነሣ ስል ዓይኔ ጨለመና ወደቅሁ። ስነቃ ራሴ በአማቴ ጭን ላይ ነበር። ሆዴን በእጃቸው ይዘው ልጁ ይንቀሳቀስ እንደሆነ ያዳምጣሉ። ሲረግጥ ሁለታችንም ተሰማን።

"ጸጉርሽን ማን ይላጭሽ?" አሉኝ።

ወንድሜን ማታውኑ አስጠሩት፤ በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ሽማግሌዎቹ እውነቱን አያውቁም። ባለቤቴ ጅማ መንገድ ላይ በንዳድ ሞተ ብሎ የነገራቸውን አምነው፣ እንደ ደንቡ መርዶ ሊያረዱን ነው የመጡት። አንደኛው "እማማ፣ ጨክኑ" ብለው ገና ሳይጨርሱ አማቴ ጮኹ። የሚጮኹት ለጎረቤት ጆሮ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። በልጅነቱ ይጠሩበት በነበረ ስም እየጠሩት ደረታቸውን መቱ። ሲወጣ ያላለቀሱለትን፣ ለወራት ለሰው ያልተናገሩትን ፍርሃት ሁሉ ያን ዕለት አወጡት። ጎረቤቶች ሮጠው መጡ። ያቺ የምንፈራት ጎረቤታችን ከሁሉም በላይ አለቀሱ፤ እንባቸውም የእውነት ነበር፤ ባለቤቴን በልጅነቱ አዝለውታል።

እኔ ራሴን ተላጭቼ፣ ጥቁር ለብሼ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥሁ። እንባ አልመጣልኝም። በሕይወት አለ ብዬ ባስብም አልጽናናም፤ ይህን ለቅሶ ስንቀመጥለት እየገደልነው መሰለኝ። ሴቶቹ "ድንጋጤ ነው፣ ተዉአት" እያሉ ጀርባዬን ያሹልኝ ነበር። ልጁ በውስጤ ይገላበጣል።

ሰው ገና ከድንኳኑ ሳይበተን ምጥ ያዘኝ። ሊያጽናኑን የመጡት ወንዶች ቃሬዛ ሠርተው ተሸከሙኝ። አዋላጇ አጠገቤ እየሮጡ "ማርያም፣ ማርያም" ይላሉ። በተክለ ሃይማኖት በኩል ስንወጣ ሰው ሬሳ የተሸከሙ መስሎት ቆቡን አወለቀ።

በሆስፒታሉ በር አስተርጓሚው "ባሏ የት ነው?" አለ።

እኔ ወይም ወንድሜ መልስ ከመስጠታችን በፊት ተሸካሚዎቹ ሁሉ ባንድነት ጮኹበት።

"ሞቷል! ከለቅሶ ቤት አይደል እንዴ የመጣነው? እንባችን መች ደረቀ!"

"ራሷን አታይም?" አለ አንዱ። "ዕውር ነህ?"

አስተርጓሚው የተላጨውን ራሴን አየና በሩን አስከፈተ። እነዚያ ሰዎች አንድ ቃል አልዋሹም። የዋሸነው እነሱን ነበር።

ሐኪሙ ሆዴን ሁለት ጊዜ ተጫነና በቋንቋው አንድ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው "ልጁ በበሩ አያልፍም፤ ሆዷ ይቀደዳል" አለ። የማን ፈቃድ እንደሆነ ሲጠይቁ አማቴ "የኔ" አሉ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው በአፍንጫዬ ላይ የተደረገውን ሽታው ኃይለኛ ጨርቅ ብቻ ነው።

ወንድ ልጅ ነበር፤ በሕይወት። የሌላ ሴት የሁለት ወር ልጅ አጠገብ ሲያስተኙት ይበልጠው ነበር። እኔ ግን ቁስሌ መግል ይዞ ለብዙ ጊዜ በትኩሳት ተኛሁ፤ ከዚያም ወዲህ አላረገዝሁም። አማቴ እንዲገቡ የተፈቀደላቸው ቀን ልጁን አንሥተው ፊቱን እያገላበጡ አዩት። ደስ ይላቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር።

"ሰፈር እልል እንዳይል ነግሬአለሁ" አሉኝ። "የሐዘን ቤት ነው።"

ልጁን ክርስትና ስናስነሣው እንኳ እልልታ አልነበረም። እኔ ዓመት ሙሉ ጥቁር ለበስሁ። ከዓመቱ በኋላ ጎረቤቶች ጥቁሩን እንዳወልቅ፣ ገና ልጅ ነሽና ሌላ አግቢ እያሉ መከሩኝ። አማቴ ሲሰሙ ወደ ጓሮ ይወጡ ነበር።

ጠላት ሲወጣ አርበኞቹ ገቡ። አማቴ በየቀኑ ልጁን ይዘው መንገድ ዳር ይቆማሉ፤ ለሰው ግን ሰልፍ እያየሁ ነው ይላሉ። አንድ ቀን ጸጉሩን ያሳደገ ሰው ቤታችንን እየጠየቀ መጣ። ቆብ በእጁ ይዞ ቆመ። ባለቤቴ አብሮት እንደነበረ፣ ባለፈው ዓመት በአንድ ወንዝ መሻገሪያ በጥይት እንደወደቀና እዚያው እንደቀበሩት ነገረን። ልጅ እንዳለው ሳያውቅ ነው የሞተው።

አማቴ ለመጮኽ አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤታችን "ምን መጣ እትዬ? ደኅና ነዎት?" ብለው ጠየቁ።

"ደኅና ነኝ። እንግዳ ነው" አሉ አማቴ።

ሰውየው ሲሄድ ለጎረቤቶች እውነቱን እንንገራቸው ብዬ አማቴን ለመንሁ። ጠላት ወጥቷል፤ አሁን ማን ይነካናል?

"ያን ጊዜ ሥራቸውን ፈትተው ያለቀሱልኝን ሰዎች ምን ልበላቸው?" አሉኝ። "ተነሡና እንደገና አልቅሱልኝ ልበል? አልቅሼዋለሁ። አሟጥጬ አልቅሼዋለሁ።"

በሩን ዘግተን ምንጣፉ ላይ ሁለታችን ብቻ ተቀመጥን። ማንም አልመጣም፤ የሚመጣበት ምክንያትም አልነበረውም። ልጁ አባቱን አያውቅምና በመካከላችን እየተራመደ ይጫወታል፤ አሁንም ከእኩዮቹ ሁሉ ትልቅ ነበር። እንደ ደንቡ በሦልስቱ ተነሥተን በሩን ከፈትን። ቀኑ ሰኔ ፱ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም. ነበር።