ጥሻውን ያስመነጠርሁት እኔ ነኝ

እውነቱን ልናገርና ልገላገል፤ ያን ጥሻ ያስመነጠርሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ሰዉን የለመንሁት፣ ደቦ የጠራሁት፣ ገጀራ ከየቤቱ ያሰባሰብሁት እኔው ነበርሁ። አሁን ሳስበው ሳቄ ይመጣል፤ ያኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ!

ደብሩ ከቀሐ ወንዝ ማዶ፣ ጉብታ ላይ ነው። አባቴ የደብሩ አለቃ ስለሆኑ ያደግሁት ከግቢው አጥር ሥር ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ጽድና ወይራ ከቦታል፤ ከዛፎቹ በታች ደግሞ አጋምና ቀጋ ተጠላልፎ ሰው የማያሳልፍ ጥሻ ነበር። እኔ የደን ባለሙያ ነኝ፤ የምሠራው ከወንዙ ወዲህ፣ ከተማው መሐል አራዳ ካለ ቢሮ ነው። በዚያ ዓመት የደን አያያዝ ሥልጠና ወስጄ መጣሁ። ወይ ጉድ! አዲስ ሥልጠና የወሰደ ሰው እንዴት እንደሚያደርገው ታውቃላችሁ አይደል? እሳት ቢነሳ ቁጥቋጦው ያቀጣጥለዋል፣ እባብ ይሸሸግበታል፣ ለንግሥ የሚመጣው ሕዝብ መቀመጫ ያጣል እያልሁ አባቴን መውጫ መግቢያ አሳጣኋቸው። በሥልጠናው ላይ ስለ ወፎችና ስለ አራዊት የተነገረ ክፍልም ነበር። ከምሳ በኋላ ስለነበር እንቅልፍ ወስዶኛል።

ግንቦት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ፣ ሰበካው ሁሉ ነቅሎ ወጣ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ከዛፎቹ ሥር አንድ ቁጥቋጦ አልተረፈም። ቆመው የደረቁትንም ዛፎች ጣልናቸው። ከዚህኛው በር ቆሞ የዚያኛውን በር ማየት ተቻለ። «ሸጋ ሆነ! ሸጋ!» አሉ እናቶች። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለሥራ ባልደረቦቼ ላክሁ፤ ሙገሳው ጎረፈ። እየዘለልሁ ነው ቤቴ የገባሁት።

በማግስቱ ጠዋት ጉዱ ፈላ።

ደብሩ የቅኔ ትምህርት ቤት አለው። መምህሩን ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው፤ አባቴንም ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ተማሪዎቹ ጠዋት ጠዋት ቅኔ ሊቆጥሩ ጫካ ይገባሉ። መቁጠር ይባል እንጂ ሥራው አዲስ ቅኔ መፍጠር ነው። እያንዳንዱ የራሱ ጥሻ አለው። እዚያ ብቻውን ተወሽቆ ያጉተመትማል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከሰዓት በኋላ ወጥቶ የፈጠረውን ለየኔታ ይነግራል። ሰው ካየው አለቀለት፤ ያፍራል።

አሥራ ሁለቱ ተማሪዎች ደበሎአቸውን ደርበው ወጡና እንደ ልማዳቸው በየቦታቸው ቆሙ። ሁሉም ሁሉንም አየ! አንዱ ረዥም ልጅ እጁን ወደ ሰማይ ሲሰድ ሌላው በሳቅ ፈረጠ። ሌላው ፊቱን ወደ ወይራው አዙሮ ማጉተምተም ሲጀምር ከጀርባው ሁለቱ ትከሻውን እየሰበቁ ይኮርጁታል። አንዱማ «ከንፈሬን እያየ ምስጢሬን ሰረቀኝ!» ብሎ ጓደኛውን በዛፎቹ መካከል ያሯሩጠው ገባ። እኔ አጥሩን ተደግፌ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ምን ላድርግ፣ ያስቃል!

በሦስተኛው ቀን የኔታ አስጠሩኝ፤ ሳቄም እዚያው ላይ አበቃ። ጽዱ ሥር ተቀምጠው ነበር። «ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ» አሉኝ። አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«ምን ትሰሚያለሽ?» አሉኝ።

ጆሮዬን ጣልሁ። ጣራው ላይ አንድ ቁራ አለ። ሌላ ምንም! ሌላ ጊዜ በዚያ ሰዓት ጆሮ የሚያደነቁረው የወፍ ጫጫታ የለም። ቀና ስል ጭላት በላያችን ትዞራለች፤ ለካ ትንንሾቹ ወፎች ከእሷ የሚሸሸጉት አጋሙ ውስጥ ኖሯል። ግንደ ቆርቁሩም የሚቆረቁረው ደረቅ ግንድ የለውም፤ ጥለነዋላ! ሦስት ቀን ሙሉ እዚያው ስመላለስ አላስተዋልሁም፣ እኔ የደን ባለሙያዋ።

«እኔ የደን ትምህርት አልተማርሁም» አሉ የኔታ። «ግን ልጆቼም ወፎቹም ባንድ ቀን ነው የተበተኑብኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ጉባኤ ቃና እንኳ የነገረኝ የለም፤ ሁለት ቤት የምትሞላ ቅኔ ጠፋች። የጭልጋ ሰዎች ደናችን ጥቅጥቅ ነው፣ ወንበርዎን እኛ ጋ ይዘርጉ ካሉኝ ቆይተዋል። እስከ መስከረም እጠብቃለሁ። ጥሻው ካልተመለሰ ልጆቹን ይዤ እሄዳለሁ።»

ክው አልሁ። የኔታ የሌሉበት ደብር ለአባቴ ምን ደብር ነው? ለአባቴ ስነግራቸው ምንም አልተቆጡም፤ ራታቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። ቢቆጡኝ በስንት ጣዕሙ!

ከዚያማ ሥራ ነው። ከብት እንዳይገባ የፈረሰውን የድንጋይ አጥር ጠጋገንን። መንጥሩ ያልሁትን ሰው ሁሉ በየደጁ እየዞርሁ የወሰዳችሁትን ቅርንጫፍ መልሱ ማለት ጀመርሁ። ግቢያቸውን በእኛ አጋም ያጠሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ነበሩ።

«ምነው ልጄ፣ መንጥሩ ያልሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ አያ።»

«አሁን ደሞ አምጡ?»

«አዎ አያ።»

«ኧረ ለመሆኑ ደኅና ነሽ?» ብለው መሬት ላይ ቁጭ እስኪሉ ሳቁብኝ። ስቀው ሲጨርሱ ግን አጥራቸውን ነቅለው በአህያ ጭነው አመጡልኝ። እግዜር ይስጣቸው!

ተማሪዎቹና እኔ ቅርንጫፉን እየከመርን አሥራ ሁለት ጎጆ ሠራን፤ ላንድ ተማሪ አንድ። እጄ በእሾህ ተበሳሳ፣ ነጠላዬ ተዘነጣጠለ። ገና ሳምንት ሳይሞላው አንዱ ተማሪ እየሮጠ መጥቶ «እቴቴ፣ ጎጆዬን ድንቢጥ ወሰደችብኝ፤ ልገባ ስል ትጮህብኛለች» አለኝ። «እሰይ! ውጣላት! ሌላ እንሠራልሃለን!» ብዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምሁ። ልጁ በሐፍረት ሊሞት።

ክረምቱ ገባ። አጋም ጉቶው ካልተነቀለ ያቆጠቁጣል፤ እኛ ደግሞ ስንፍናችን በጀን እንጂ አልነቀልነውም። ቢሮ ከመግባቴ በፊት በየጠዋቱ በእግሬ እለካዋለሁ። ቁርጭምጭሚት። ባት። ነሐሴ ላይ ጉልበቴን ነካ፤ ዝናቡ ውስጥ ብቻዬን እስክስታ ወረድሁ። ግን ቢባል ቢባል ጥሻው የድሮው ግማሽ እንኳ አልሞላም። ጳጉሜን ስትገባ ጭልጋዎቹ ማኪና እንልካለን ብለው በእኔው ስልክ መልእክት ላኩ። የየኔታ መጻሕፍት በጆንያ ታስረው በር ላይ ተቀምጠዋል።

ማኪናው ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ ከአጋሙ መሐል የሚያስደነግጥ ጩኸት ተሰማ። ክንፍ ተርገበገበ፤ ተከትሎ አንድ ተማሪ ደበሎውን ጥሎ እየሮጠ ወጣ። ሁላችንም ወደ የኔታ ደጅ ተሰበሰብን።

«የኔታ፣ ይማሩኝ! ጉባኤ ቃናዬ ሊሞላልኝ ነበር፤ ሁለተኛው ቤት ከአፌ ጠፋ!»

«ምን ወሰደው?»

«ቆቅ! ከእግሬ ሥር ተነሣችብኝ!»

ተማሪዎቹ አውካኩ። የኔታ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው።

«ብቻዋን ናት?»

«ኧረ ጫጩት አላት። ስድስት ቆጥሬያለሁ፤ ቅጠል ሥር ገቡብኝ።»

የኔታ ረዥም ጊዜ አጋሙን አዩት። ቆቅ መሸሸጊያ በሌለበት እንቁላል አትጥልም፤ ይህን ለማወቅ ሥልጠና አላስፈለጋቸውም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ስልክሽን አውጪ። ለጭልጋዎቹ ጻፊልኝ፤ አልመጣም በይ።»

ስልኬን አወጣሁ። «ምክንያቱን ምን ልበላቸው የኔታ?»

«ቆቅ ፈልፍላለች በይ። ይገባቸዋል።»

እንባዬ ስልኩ ላይ እየተንጠባጠበ፣ እየሳቅሁ፣ እንዳሉኝ ጻፍሁ።