አጎቴና የደብረ ብርሃኑ ሰፊ ሜዳ

የሰላ ድንጋይ ከተማ ልጆችን ኳስ ሲያሰለጥኑ የኖሩት አጎቴ በዚህ ክረምት አረፉ። ከጨዋታ በፊት ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሳይሄዱበት አሰላለፍ አይናገሩም ነበር። የእኛ ሜዳ ጠባብ ስለሆነ ልጆቹ ያደጉት በአጭር ቅብብል ነው። ደብረ ብርሃን ሰፊው ሜዳ ላይ ስንወጣ ግን፣ «እዚህ ሁላችሁም ኳስ ካሳደዳችሁ ጨዋታውን ሳታጋምሱት ትደክማላችሁ፤ ተጠጋግታችሁ ጠብቁ» ይሉ ነበር።

ባለፈው እሁድ እዚያው ሜዳ ላይ ቡድኑን እኔ ይዤ ገባሁ። የእሳቸውን ቃል ለልጆቹ ደገምኩላቸው። ልጆቹ ሲጠጋጉ ተጋጣሚዎቻችን በሁለቱም መስመር እያለፉ ከእረፍት በፊት ሦስት አገቡብን። አምበላችን እያለከለከ መጣና፣ «ጋሼ ቢኖሩ አሁን ምን ይሉን ነበር?» አለኝ።

«እኔ እንጃ» አልኩት፤ «እኔም ልጠይቃቸው ዞር ብዬ አጣኋቸው።»