ልጄ ግንቡን የወጣች ቀን

ጎንደር የሄድኩት አገር ለማየት ብዬ አልነበረም። ልጄ አሥራ ሁለተኛን አልፋ የዩኒቨርሲቲ ምድቧ ጎንደር ሲሆን፣ እኔ ከቡሬ ወጣ ባለው ቀበሌያችን ሆኜ ሳምንቱን ሙሉ እህል አልወርድ አለኝ። ልጄን ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ ይይዛታል። ክኒኗን እየዋጠች ደህና ትከርምና ድንገት ይነሣባታል። ይህን ከአባቷ፣ ከእኔና ከጤና ጣቢያው በቀር ማንም እንዲያውቅ አልፈለግሁም። ትምህርት ቤት ጥሏት ያዩ ልጆች ሲጠይቁኝ እንኳ “ቁርስ ሳትበላ ሄዳ ነው” እል ነበር። ነገ የሚያገባት ሰው ምን ይላል? ጎረቤትስ?

አባቷ ትሂድ አለ። እኔ ግን “መጀመሪያ ከተማውን በዓይኔ ልየው። ካልጣመኝ ይዣት እመለሳለሁ” አልኩ።

“እሺ እማዬ፣ እዪው” አለችኝ ልጄ። “ከተማውን ግን ምን አድርግ ልትይው ነው?”

ምዝገባው ሁለት ቀን ሲቀረው ተነሣን። መራዊ ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊጭን ሲቆም ወርዳ የተጠበሰ እሸት ልትገዛ ብትል እጇን ያዝኩ።

“እማዬ፣ ባጃጅ እንኳ የለም እኮ እዚህ ጋ።”

“ጋሪ አለ” አልኳት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እሸቱን በመስኮት ገዛን።

ጎንደር የያዝነው ክፍል ሁለት አልጋ ነበረው፤ እኔ ግን ከእሷ ጋር ተኛሁ። ትንፋሿ ዝግ ባለ ቁጥር እነካካታለሁ። “አለሁ” ትልና ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እንዲህ ስንል ነጋ።

ጠዋት ግንቡን ልታሳየኝ ወሰደችኝ። በሩ ላይ ፍተሻ አለ። በእኛ አገር ሰው ሲጥለው ክብሪት ጭሮ ጢሱን ማስሸተት ነው ልማዱ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ክብሪት ምንም እንደማያደርግላት ስንት ጊዜ ነግራኛለች፤ እኔ ግን ያለ ክብሪት ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ፈታሿ አንዱን ከቦርሳዬ አወጣችው።

“እማማ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ እንዴ?”

“በስማም! ለጧፍ ነው።”

“ጧፉስ የታል?”

ጧፍ አልያዝኩም። ሁለተኛውን ክብሪት ከመቀነቴ ስታገኘው ደግሞ ጓደኛዋን ተጣራች፤ “ኧረ ነይ፣ እኚህ እናት ግንቡን ሊያቃጥሉብን ነው የመጡት!” የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። እውነቱን እንዳልናገር አፌ ተያዘ። ሁለቱንም ስወጣ እንድወስዳቸው ብላ አስቀመጠቻቸው። እኔ እዚያ ስከራከር ልጄ ቀድማ ገብታ ከአንድ አስጎብኚ ጋር ቀስ ብላ ታወራለች። ስለ ክፍያ የሚነጋገሩ መሰለኝ።

አስጎብኚው ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ጨዋ ሰው ናቸው። ይህ የንጉሡ እልፍኝ፣ ያ የአንበሳ ቤት፣ ወዲያ ደግሞ የግብር አዳራሽ እያሉ ይዘውን ዞሩ። የድንጋዩ አጠራረብ፣ እንደ እንቁላል ሾል ያለው የማዕዘኑ አናት በእርግጥ ያስደንቃል። ግን ሰው ሁሉ ወደ ላይ ሲያይ እኔ ወደ ታች ነበር የማየው። የቱ ድንጋይ ሹል ነው፣ የቱ ጋ መደገፊያ የለም፣ የቱ ጋ ብትወድቅ ጭንቅላቷን ምን ያገኘዋል። ከግንቡ ጎን ተለጥፎ ወደ ላይ የሚወጣውን ደረጃ ሳየው የልጄን ክንድ ያዝኩ።

“አይፍሩ እትዬ” አሉኝ። “ስንት ዘመን የቆመ ነው፤ ዛሬ አይወድቅም።”

“ግንቡማ አይወድቅም” አልኳቸው።

ልጄ ትከሻዬን ይዛ ጥላ ሥር አስቀመጠችኝ። “እዚህ ጠብቂኝ። መስኮት ላይ ስደርስ እጄን አወዛውዝልሻለሁ።”

ይዣት ልቀር አልኩና ሰው እያየን ነው ብዬ ለቀቅኋት፤ አስጎብኚውን ተከትላ ወጣች። በመጀመሪያው መስኮት እጇን አየሁ። በሁለተኛው አላየሁም። ልታልፈው ነው ብዬ ሦስተኛውን ጠበቅሁ። እዚያም የለችም። ከዚያ ከላይ አንድ ሰው ጮኸ።

“ክብሪት! ክብሪት የያዘ ሰው የለም?”

“ኧረግ ልጄን!” ብዬ ተነሣሁ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም፤ አንድ እግር ጫማዬ መሐል ላይ ቀርቷል። ልጄ ወለሉ ላይ በጎኗ ተኝታለች። የአስጎብኚው ኮት ከራሷ ሥር ተጣጥፎ ገብቷል። እሳቸው ተንበርክከው ሰዓታቸውን ያያሉ።

“ክብሪት አያስፈልግም፤ አትያዟት፣ ራሱ ይለቃታል” ይላሉ ለከበባቸው ሰው። ወደ እኔም ቀና ብለው፣ “ሁለት ደቂቃ አልሞላም እትዬ፤ ረጋ ይበሉ።”

“ማን ነገረዎት?”

“እሷ ናት፣ በሩ ላይ። ብወድቅ በጎኔ ያስተኙኝ፣ ሰዓት ይዩ፣ እናቴን ግን እንዳያስደነግጧት አለችኝ።”

ሲለቃት መስኮቱ ሥር አስቀመጥናት። ሰዉ ተበተነ። እኔ ግን አሁንም የሚሰማን ካለ እያልኩ ዙሪያዬን አያለሁ።

“እንዴት ለማያውቁሽ ሰው ትናገሪያለሽ?” አልኳት በሹክሹክታ።

“ለማያውቁኝ ነው እንጂ የሚነገረው። የሚያውቁኝማ ያውቃሉ።” ምላሷ ገና ከባድ ነበር። “ለጓደኞቼ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ነግሬያቸዋለሁ። ቁርስ አልበላችም ስትያቸው ይስቁ ነበር።”

ጆሮዬ ጋለ። ስንት ዓመት ሙሉ ዝም ብለው ሲሰሙኝ።

“ዛሬ የተነሣብኝ ደግሞ ስላልተኛሁ ነው፣ እማዬ። ሌሊቱን ስትነካኪኝ አደርሽ።”

ነርሷ ይህንንም ነግራኝ ነበር፤ እንቅልፍ እንዳታጣ ብላ። ያን ሰዓት እንመለስ ብላት እሺ ትለኝ እንደነበር አውቃለሁ፤ ደክሟት ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መናኸሪያው በየት በኩል እንደሆነ ሳይቀር በመስኮቱ እፈልግ ነበር። እሷ ግን ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ትንፋሿ አንዴ ዝግ አለብኝ። እጄን አነሣሁና መልሼ ጭኔ ላይ አኖርኩት።

በምዝገባው ቀን ፍራሿን ተሸክሜ መኝታ ክፍሏ ድረስ ገባሁ። ከጎኗ ያለው አልጋ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ ልብሷን ታጣጥፋለች። “እንደምን ዋሉ እናቴ” ብላ ተነሣችልኝ። ልጄ ቁምሳጥኑን ልትከፍት ዞራለች። ፍራሹን አልጋዋ ላይ አንጥፌ ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ።

“ይቺን ልጄን” አልኳት፣ “የሚጥል በሽታ ይይዛታል።”

ልጄ ዞራ አየችኝ።

“ሲይዛት ምን ላድርግላት?” አለችኝ ልጅቱ።

በጎኗ ማስተኛቱን አውቃለሁ። የቀረውን ግን ነርሷ ስትነግረኝ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አልሰማኋትም።

“ተቀመጪ” አልኳት አልጋው ጫፍ ላይ ቦታ እየለቀቅሁላት። “እሷ ትንገረን።”